የክረምት አንባቢዎች

ይርጋነሽ ክረምትን የምትጠላው በጭቃው አልነበረም። ቢቸና ተወልዶ ላደገ ሰው ጭቃ ብርቁ አይደለም። የምትጠላው ልጆቿን ስለሚቀማት ነበር።

በቢቸና ትምህርት ቤት ሦስተኛ ክፍል ታስተምራለች። ሰኔ ላይ ገጹን እንደ ውኃ ያንበለብል የነበረ ልጅ፣ መስከረም ላይ ሲመለስ ፊደሉን እንደ እሾህ እየፈራ ይረግጠዋል። ምክንያቱን ታውቀዋለች። ልጆቹ የሚያነቡት ለፈተናና ለአለንጋ ነው። ሁለቱም ሰኔ ላይ ሲያበቁ ንባቡም አብሮ ያበቃል።

«ለደስታቸው ብለው ቢያነቡ እኮ ክረምቱ አያስረሳቸውም ነበር» አለቻቸው አንድ ቀን ለአባቷ።

መሪጌታ ሣህለ ማርያም የደብሩ የቅኔ መምህር ናቸው። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ያለቻቸው ይህችው አንዲት ልጅ ናት።

«ንባብ ደስታ የሆነው መቼ ነው ልጄ?» አሏት ፈገግ ብለው። «እኛ እያለቀስን ነው የተማርነው።»

ይህ በሆነ በሳምንቱ፣ በ፲፱፻፶፬ ዓ.ም. ሰኔ ማለቂያ ላይ፣ ከደጀን ወደ ሞጣ የሚሄድ የጭነት መኪና ቢቸና ደርሶ ቆመ። ወንዙ ሞልቷል ተባለ። ተሳፋሪው ዝናቡን ሽሽት ወደ ትምህርት ቤቱ በረንዳ ሮጠ። ይርጋነሽ ክፍሏን ከፍታ ሴቶቹንና ሕፃናቱን ስታስገባ፣ አንድ ቀጠን ረዘም ያለ ወጣት በሸሚዙ ብቻ ውኃ እየተንጠባጠበ ከደጅ ቆሞ አየች። ኮቱን አውልቆ አንድ የእንጨት ሣጥን አልብሶታል።

«ኮትዎን ቢለብሱት አይሻልም? ብርድ ሊመታዎት ነው» አለችው።

«እኔ ብረጥብ እደርቃለሁ» አለ። «እነሱ ከረጠቡ ግን አበቃ።»

«እነማን?»

ኮቱን ገለጥ አድርጎ ሣጥኑን ከፈተው። መጻሕፍት ናቸው። ሥዕል ያለባቸው፣ ቀጫጭን፣ ጫፋቸው የተበላ፣ ጥቂቶቹም በእጅ ተጽፈው በክር የተሰፉ። የልጆች ተረትና ታሪክ ነው ሁሉም።

«ሞጣ አስተማሪ ነኝ። ደምለው እባላለሁ» አለ። «እነዚህን ከአዲስ አበባ ከወዳጅ ከዘመድ ለምኜ ነው ያመጣኋቸው። ያጣሁትን ራሴ ጻፍሁት። ልጆቹ ክረምት ላይ የሚያነቡት የላቸውማ።»

ይርጋነሽ ወደ ሣጥኑ ጎንበስ አለች። እሷ ስትብሰለሰልበት የኖረችውን ነገር ይህ ሰው በሣጥን ተሸክሞት ቆሟል።

ከተሳፋሪዎቹ ሕፃናት አንዱ አላባራ ብሎ ያለቅስ ነበር። ደምለው ከሣጥኑ አንዱን መጽሐፍ መዞ መሬት ላይ ቁጭ አለና ድምፁን ከፍ አድርጎ ማንበብ ጀመረ። ጌታዋን ለመሸጥ ገበያ ስለ ወጣች አህያ ነበር። አህያይቱ ጌትዮውን በገመድ ጎትታ አህያ ተራ ታቆመዋለች። ገዢ ይመጣል፤ ጀርባውን ይመታል፤ ኮቴውን ይመረምራል። የሚያለቅሰው ልጅ ዝም አለ። የሠፈሩም ልጆች ጆንያ ተከናንበው ከየደጁ መጥተው በረንዳውን ሞሉት። ገዢው የጌትዮውን አፍ ከፍቶ ጥርሱን ሊያይ ሲል፣ ደምለው መጽሐፉን እጥፍ አደረገው።

«ከዚያስ?» አለች ደስታነሽ፣ የይርጋነሽ ተማሪ፣ ከሁሉ ቀድማ። «ሸጠችው?»

«እኔ እንጃ» አላት። «እዚህ ውስጥ ተጽፏል።» መጽሐፉንም ዘረጋላት።

ደስታነሽ ተቀብላው ጥግ ያዘች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ፣ ጣቷ መስመሩን ተከትሎ ሲወርድ፣ ቅንድቧ ሲሰበሰብ ይርጋነሽ አየች። በመጨረሻ ልጅቱ ብቻዋን ከት ብላ ሳቀች። ይርጋነሽ ቀና ስትል ደምለው ልጅቱን ሳይሆን እሷን እያያት ነበር። ሁለቱም ዓይናቸውን ወደ ዝናቡ መለሱ።

ወንዙ እስኪጎድል መኪናው ቢቸና ሰነበተ። ደምለውም በየቀኑ ወደ ትምህርት ቤቱ ይመጣል፤ ልጆቹ ሲያነቡ ሁለቱ በረንዳው ላይ ቆመው ያወራሉ።

«አንብበው ሲጨርሱ ምን ተረዳችሁ ብለሽ እንዳትጠይቂያቸው» አላት አንድ ቀን።

«ለምን?»

«እንግዳ በልቶ ሲነሣ ስንት ጎረስህ ተብሎ ይጠየቃል?»

ሳቀች። «አንቺ» ያላት ሳያስበው ነበር። ሁለቱም ሰምተውታል፤ ሁለቱም እንዳልሰማ ሆኑ።

ወንዙ ጎደለ ሲባል መጻሕፍቱን ለሁለት ከፈላቸው። ግማሹ ቢቸና ይቀራል፣ ግማሹ ሞጣ ይሄዳል፤ በመስከረም ይለዋወጣሉ። ሣጥኑን መኪናው ላይ ሰቅሎ ሲያበቃ ወረደና ፊቷ ቆመ። ሊላት የፈለገው ነገር እንዳለ ታወቃት። ሾፌሩ ክላክስ አሰማ።

«ደኅና ሁኚ፣ መምህርት» አለ።

«ደኅና ግባ» አለችው። መኪናው ዳገቱን ዞሮ ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም።

በዚያ ክረምት ይርጋነሽ ክፍሏን ከፍታ ልጆቹን ሰበሰበች። አለንጋ የለም፤ ፈተና የለም፤ ያሰለቸውን መጽሐፍ የተወን ልጅ የሚቆጣ የለም። ጭድ ጎዝጉዛ ሰሌን አነጠፈችላቸው፤ በደረታቸው ተኝተው፣ በመስኮቱ ደፍ ላይ ተሰቅለው፣ ሁለት ሆነው በአንድ መጽሐፍ ተጠግተው ያነባሉ። ወላጆች መጀመሪያ አጉረመረሙ። «ፈተና የሌለው ንባብ ምን ይሠራል?» አሉ። በኋላ ግን ማታ ማታ ልጆቹ ያነበቡትን ሲያወሩላቸው እነሱም «ከዚያስ?» ማለት ጀመሩ።

አንድ ቀን መሪጌታ በትምህርት ቤቱ በኩል ሲያልፉ የሳቅ ድምፅ ሰምተው ቆሙ።

«እረፍት ላይ ናቸው?» አሏት ደጁን ገፋ አድርገው።

«እያነበቡ ነው አባባ።»

ልጆቹን አንድ በአንድ አዩ። መቋሚያቸውን ይዘው ሄዱ።

በመስከረም ደምለው መጣ። መጻሕፍቱን ተለዋወጡ፤ ወሬያቸው ስለ ልጆቹ ብቻ ነበር፤ የትኛው መጽሐፍ እንዳለቀ፣ የትኛው እንዳስለቀሰ። መለያየቱ ግን ካለፈው ይልቅ ከበዳቸው። ከዚያ ወዲህ ይርጋነሽ ወደ ሰሜን የሚያልፍ መኪና ድምፅ በሰማች ቁጥር ጠመኔዋ ሰሌዳው ላይ ይቆማል። ልጆቹ እስክትቀጥል በትዕግሥት ይጠብቋታል።

የመንፈቅ ዓመቱ እረፍት ሲደርስ መጻሕፍቱን ይዛ እሷ ወደ ሞጣ ወጣች። አክስቷ እዚያ ስለነበሩ ማንም ነገሬ አላላትም። ደምለው ትምህርት ቤቱን አሳያት፤ የሞጣ ልጆች ከቢቸና የመጣውን መጽሐፍ ሁሉ እየተሻሙ ተቀበሏት። በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ከከተማው ወጣ ወዳለ ሠፈር ይዟት ሄደ። ገና ሳይደርሱ የመዶሻ ድምፅ ተሰማ።

ደምለው ቆመ።

«ያ ድምፅ የአባቴ ነው» አለ። «አቶ ጓዴ ይባላል። ቀጥቃጭ ነው። አያቴም ቀጥቃጭ ነበር።»

ይርጋነሽ ዝም አለች።

ትናንት እንኳ ቢጠይቋት፣ እንዲህ ያለ ነገር አያስጨንቀኝም ባለች ነበር። ነገር ግን በሕፃንነቷ «ወደዚያ ሠፈር አትሂጂ፣ ዓይናቸው ይበላሻል» እየተባለች ነው ያደገችው። የዚያ ፍርሃት ርዝራዥ ሳትጠራው መጣባት። ዝምታዋ ረዥም አልነበረም፤ ለደምለው ግን በቂ ነበር። ፊቱ ሲዘጋ አየችው።

«ልመልስሽ ወደ አክስትሽ ቤት» አለ በቀስታ።

«አይ» አለች። «ሄደን ወላጆችህን ሰላም እንበላቸው።»

ቤቱ ደጃፍ ላይ አቶ ጓዴ ወናፉን አቁመው ብድግ አሉ። ማረሻ እየቀጠቀጡ ነበር። ያለ እሳቸው ማረሻ የሚያርስ ገበሬ በአካባቢው የለም፤ ቤታቸው ገብቶ ውኃ የሚጠጣ ገበሬም የለም። እናቱ ወይዘሮ ወለተ ሐና እንግዳዋን አይተው ተደናገጡ። ወንበር አወጡላት። ቆሎ በሰፌድ አቀረቡና ወግ ለማድረስ ብቻ እንጂ ትበላለች ብለው ሳይጠብቁ ፈንጠር ብለው ቆሙ። ማስተማር ከጀመረ ወዲህ ልጃቸው ያመጣቸው እንግዶች ሁሉ ጾም ነን፣ ጠግበናል፣ ቸኩለናል ብለው ሄደዋል።

ይርጋነሽ ከሰፌዱ ዘግና ቃመች።

«ጨው ያንሰዋል እንዴ?» አሉ ወይዘሮ ወለተ ሐና ጠጋ ብለው።

«የለም እማማ፤ ጥሩ ተደርጎ ተቆልቷል» አለችና ደገመች።

ሲመለሱ ደምለው ዓይኑን መንገዱ ላይ ተክሎ ከጎኗ ሄደ።

«ዝም ብዬብህ ነበር» አለችው በመጨረሻ። «ይቅር በለኝ።»

«አስቀድሜ መንገር ነበረብኝ። ፈራሁ።»

«ምኑን ፈራህ?»

«ያንን ዝምታ።» ጥቂት ተራመደ። «በልቼ ነው የመጣሁት የምትይኝ ሰው እንዳትሆኚ ፈራሁ፣ ይርጋነሽ። ሌላ ሰው ቢሆን ለምጄዋለሁ።»

እጁን ያዘችው። በጠራራ ፀሐይ፣ በመንገድ ላይ፣ የሚያልፍ ሰው እያየ። ሲለያዩ «በክረምት እመጣለሁ» አላት። «ክረምት ሩቅ ነው» አለችው። ከዚህ የበለጠ የተባባሉት የፍቅር ቃል የለም፤ ለሁለቱም ግን በቅቷቸዋል። አዲስ የጻፈውንም መጽሐፍ ከሌሎቹ ጋር ሰጣት፤ ቅኔ ሊማር ደበሎ ለብሶ ተማሪ ቤት ስለ ገባ ጅብ ነበር።

በመንገዱ ላይ ካለፉት ሰዎች አንዱ ፋንታ የሚባል የቢቸና እህል ነጋዴ ነበር። አይቷታል። ደጃፉ ላይ ቆሎ ስትቅምም፣ እጁን ስትይዝም። ቢቸና ሲገባ ለሚስቱ ነገራት፤ ሚስቱም ለጎረቤት። ወሬው የመሪጌታን ደጅ ስላፈረ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ከቤት ቤት ሲዞር ከረመ።

ክረምቱ ገባ። ልጆቹ እንደ ዓምናው ሰሌኑን ሞሉት፤ እንዲያውም በዙ። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ደስታነሽ በኃይለኛ ትኩሳት ወደቀች። በዚያ ዓመት ተስቦ ገብቶ ብዙ ቤት አንኳኩቷል። ነገር ግን እናቷ ሀብትነሽ ልጇን ልታገላብጥ ስትል ከትራሱ ሥር መጽሐፍ አገኘች። ገልጣ ስታየው ጅብ ነው፤ ደበሎ ለብሶ፣ ጥርሱን አግጥጦ የሚስቅ ጅብ። ሀብትነሽ ማንበብ አትችልም፤ ወሬውን ግን ሰምታለች። መጽሐፉን ማን እንደ ጻፈው፣ የማን ልጅ እንደ ሆነ ታውቃለች።

ጩኸቷን ሠፈሩ ሁሉ ሰማ። «ልጄን በላት! በመጽሐፍ አድርጎ በላት!»

በማግሥቱ ይርጋነሽ ትምህርት ቤት ስትደርስ መጻሕፍቱ በአጥር ላይ ተወርውረው ጭቃው ላይ ተበትነዋል። አንዳንዱን በዱላ ጫፍ ገፍተው ነው ያመጡት፤ በእጃቸው መንካት ፈርተው። አንድ ሰው እንኳ ሊያናግራት አልቆመም። ተንበርክካ አንድ በአንድ ለቀመቻቸው፤ በነጠላዋ ጠርጋ ቤቷ ወሰደቻቸውና በምድጃው ዙሪያ ደረደረቻቸው። መሪጌታ መጥተው አጠገቧ ተቀመጡ።

«እውነት ነው የሚሉት? ሞጣ ላይ የሆነው?»

«ቆሎ መብላቴ እውነት ነው። እንደምወደውም እውነት ነው። ሌላው ውሸት ነው አባባ፤ እርስዎም ያውቁታል።»

«አውቃለሁ» አሉ አዛውንቱ። «የማነበውን ብራና የፋቀው፣ የመቋሚያዬን ጫፍ ብረት ያለበሰው ማን ሆነና። የተማረ ሁሉ ያውቀዋል።» ዓይናቸውን ወደ እሳቱ ጣሉ። «ያወቀውን ሁሉ የሚናገር ግን የት አለ።»

ደምለው ይህን ሁሉ ሳይሰማ፣ ለክረምቱ ልውውጥ ሣጥኑን በበቅሎ ጭኖ በነሐሴ መጀመሪያ ቢቸና ገባ። በገበያው መሐል ሲያልፍ ሰው ለሁለት ተከፈለለት። እናቶች ልጆቻቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ትምህርት ቤቱ ሲደርስ ሰሌኑ ባዶ ነበር፤ ይርጋነሽ ብቻዋን በረንዳው ላይ ተቀምጣለች። ነገረችው።

ደምለው አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻላት ነበር።

«ልጅቱ እንዴት ሆነች?» ነው ያለው።

«ትኩሳቱ በርዶላታል። ከጤና ጣቢያ መድኃኒት ወስዳለች። እናቷ ግን መጽሐፍ በደጇ እንዳያልፍ ብላለች።»

ወደ ዝናቡ ዞሮ ቆመ። ዓምና ሲተያዩ የቆሙበት ቦታ ነበር።

«ከእንግዲህ እዚህ መምጣት የለብኝም» አለ። «እኔ በመጣሁ ቁጥር መጽሐፉ የእኔ ይሆናል። እኔ ከጠፋሁ ግን ያንቺ ነው፤ የመሪጌታ ልጅ መጽሐፍ ነው፤ ይመለሱልሻል። ሩቅ አገር ዝውውር እጠይቃለሁ።»

«ለልጆቹ ብለህ ነው?»

«ለልጆቹም።»

«ስለ እኔ ግን ማን ፈቀደልህ?» ብድግ አለች። «መጽሐፉን ጥለህልኝ አንተ ስትሄድ፣ ያን ሁሉ ገጽ ምን ሆኜ ነው የማነብላቸው? አብሬህ እሄዳለሁ።»

«አባትሽንስ?»

አባቷን ትታ እንደማትሄድ ደምለው ያውቅ ነበር። ሣጥኑን በረንዳው ላይ አወረደ፤ ባዶ በቅሎውን ይዞ ዞረ። ከአጥሩ ሲወጣ አንዴ ብቻ ወደ ኋላ አየ። ዝናቡ በመካከላቸው ስለነበር ማልቀሱን ወይም አለማልቀሱን ለማወቅ አልቻለችም።

በፍልሰታ ጾም ሰሞን ደስታነሽ ተሽሏት፣ በእናቷ እጅ እየተደገፈች ቤተ ክርስቲያን መምጣት ጀመረች። አንድ ቀን እናቷ ስትሰግድ አምልጣ መሪጌታ ወደ ተቀመጡበት ዛፍ ሥር ሄደች።

«መሪጌታ» አለች።

«አቤት ልጄ።»

«ጅቡ ደበሎውን አወለቀ እንዴ?»

«የቱ ጅብ?»

«ቅኔ ሊማር የገባው። መምህሩ ሁላችሁም ደበሏችሁን አውልቃችሁ እጠቡ አሏቸው። ካወለቀ ጭራው ይታይበታል። እዚያ ላይ ነው የታመምሁት።» ዓይኗ እንባ አቀረረ። «እርስዎ የቅኔ መምህር ነዎት፤ ያውቁ ይሆናል ብዬ ነው።»

መሪጌታ አያውቁም ነበር። እቤት ገብተው ምድጃው ዳር ከደረቁት መካከል መጽሐፉን ፈለጉና ወደ መስኮቱ ተጠጉ። ይርጋነሽ ከውጭ ስትመለስ አባቷ ብቻቸውን ተቀምጠው፣ ትከሻቸው እስኪነቃነቅ፣ እንባቸው ጢማቸውን እስኪያርስ ሲስቁ አገኘቻቸው። እናቷ ከሞቱ ወዲህ እንዲህ ሲስቁ አይታቸው አታውቅም።

በማግሥቱ ቅዳሴ አልቆ ሰው ሊበተን ሲል መሪጌታ መጽሐፉን ይዘው ከደጀ ሰላሙ ቆሙ።

«መጽሐፍ ሰው በላ ተብሎ በዚህ አገር ተወርቷል አሉ» አሉ። «መጽሐፍ የበላ ነቢይ አውቃለሁ። ነቢይ የበላ መጽሐፍ ግን እስከ ዛሬ አልሰማሁም።»

ሊበተን የነበረው ሕዝብ ተመለሰ። መሪጌታ መጽሐፉን ገለጡና በዚያ ዜማ በለመደ ድምፃቸው የጅቡን ታሪክ ከመጀመሪያው አነበቡት። ጅቡ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ ሲለምን፣ ባለቤቶቹ ቁራሹን ጥለው ሲሮጡ፣ መምህሩ «ድምፅህ ለዜማ ነው፣ ምነው ቅኔ መረጥህ?» ሲሉት፣ መጀመሪያ ልጆቹ ሳቁ፤ ቀጥሎ ካህናቱ ሳቁ፤ በመጨረሻ ሽማግሌዎቹ። ሀብትነሽ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ለመቆጣት ታገለች፤ አልቻለችም። ደበሎው የሚወልቅበት ቦታ ሲደርሱ መሪጌታ ቆም ብለው ደስታነሽን ጠሯትና «እኔ ዓይኔ ደከመ፤ አንቺ ጨርሺልኝ» አሏት። ልጅቱ በደከመ ድምፅ ጨረሰችው።

በዚያው ሳምንት ሰሌኑ ሞላ።

ይርጋነሽ የአባቷን እጅ ሳመች። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ አባባ። አሁን ደግሞ ስለ ደምለው…»

መሪጌታ እጃቸውን በቀስታ አወጡ።

«መጽሐፉን መለስሁልሽ» አሉ። «እሱን ለመቀበል ግን አልችልም። ነገ ይህ ደብር፣ ይህ ዘመድ፣ የእናትሽ ወገን… ክንዴ እስከዚህ ድረስ ብቻ ነው ልጄ። ከዚህ አይረዝምም።»

ይርጋነሽ ቀና ብላ አየቻቸው። የሚሉት እውነት መሆኑን፣ ያደረጉትም ከአቅማቸው በላይ መሆኑን ታውቃለች። ስለምትወዳቸው ነው የከበዳት።

«የቀረውን እንግዲህ በእግሬ እሄደዋለሁ» አለቻቸው።

«እንዳትሄጂ አልልሽም። ሂጂም አልልሽም» አሉና ወደ ግድግዳው ዞሩ።

መስከረም ላይ መንገዱ ሲደርቅ በመጀመሪያው መኪና ሞጣ ገባች። ከከተማው ወጣ ወዳለው ሠፈር ስትደርስ ወይዘሮ ወለተ ሐና ደጃፉ ላይ ነበሩ። ሲያዩዋት ደረታቸውን ያዙ።

«ምነው ልጄ! በጳጉሜን ነው የሄደ። ባሌ ጎባ ነው የደረሰው አሉ። በባሕር ዳር በኩል ወጣ፤ በቢቸና ማለፍ አልሆነለትም።»

ይርጋነሽ የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጠች። አቶ ጓዴ መዶሻቸውን አስቀምጠው ውኃ አመጡላት።

«ተከተይው» አሉ ወለተ ሐና። «እዚያ ማንም አያውቃችሁም። ማን የማን ልጅ ነው የሚል የለም። ተጋብታችሁ በሰላም ትኖራላችሁ።»

«ማንም በማያውቀን አገር ከተጋባን መደበቃችን ነው እማማ» አለች። «እዚህ ነው የምጠብቀው። ሁሉም በሚያውቀን።»

በሞጣ ትምህርት ቤት የደምለው ቦታ ክፍት ነበርና ዝውውሯ አልዘገየም። የቢቸናውን ንባብ ለሌላ መምህርት አስረክባ፣ አባቷን እየተመላለሰች ልትጠይቅ ቃል ገብታ፣ ከአክስቷ ቤት አጠገብ ክፍል ተከራየች። በየሰንበቱ ከቅዳሴ በኋላ በከተማው መሐል አልፋ፣ ሰው እያያት፣ አቶ ጓዴ ቤት ሄዳ ትበላለች። መጀመሪያ ሰው ተንሾካሾከ። ቀጥሎ ታመመች አልታመመች ብሎ ጠበቀ። አልታመመችም። ከጥቂት ወራት በኋላ መንሾካሾኩም ሰለቸ።

ደምለው ለወላጆቹ ደብዳቤ ይጽፋል። ማንበብ ስለማይችሉ የምታነብላቸው እሷ ነበረች። ስለ ባሌ ብርድ፣ ስለ ተማሪዎቹ፣ በእረፍት ጊዜ ሊያስነብባቸው ስለሚሰበስባቸው መጻሕፍት ይጽፋል። እሷ ሞጣ መሆኗን አያውቅም። በአንዱ ደብዳቤ ላይ «ከቢቸና የመጣ ሰው አጋጥሟችኋል? ስለ ትምህርት ቤቱ የሰማችሁት ነገር አለ?» የሚል ነበረበት። እዚያ ስትደርስ ደብዳቤውን ጉልበቷ ላይ አኖረችው። ወይዘሮ ወለተ ሐና ትከሻዋን አቀፏት።

«እንጻፍለት እንጂ ልጄ። እዚህ ናት እንበለው።»

«አይሆንም» አለች ዓይኗን እየጠረገች። «ከጻፍንለት ወደ አባትሽ ተመለሺ ብሎ ይመልስልኛል። መልካም ሰው ነው፤ ከሩቅ ሆኖ እንዲህ ማለት አይከብደውም። ፊት ለፊት እያየኝ ይበለው።»

ስለዚህ የወላጆቹን መልስ ሌላ ሰው ይጽፍላቸዋል፤ ስሟም አይነሣም። እሷ ግን በየሌሊቱ የምትነግረው አታጣም። ዛሬ እገሌ አንድ መጽሐፍ ጨረሰ፤ ዛሬ እገሊት የራሷን ተረት ጻፈች፤ ዛሬ ልብሴ ላይ ዝናብ ወርዶ አንተን አሰብሁ። ይህን ሁሉ በልቧ ታወራዋለች፤ መልሱንም ራሷ ታስባለች፤ ሲነጋ ግን ክፍሉ ባዶ ነው።

በ፲፱፻፶፮ ዓ.ም. ሐምሌ አጋማሽ ላይ፣ ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ ሲወርድ በዋለበት ቀን፣ የሞጣ ልጆች ክፍሉን ሞልተው ያነቡ ነበር። ይርጋነሽ ከመካከላቸው ሰሌኑ ላይ ተቀምጣ ለአንዲት ትንሽ ልጅ አስቸጋሪ ቃል ታስነብባለች። በሩ ተከፈተና ቀዝቃዛ ነፋስ ገባ። አንድም ልጅ ቀና አላለም፤ እያንዳንዱን ያለበት ታሪክ ይዞታል።

ቀና ያለችው እሷ ብቻ ናት።

ደምለው በሩ ላይ ቆሟል። ጠቁሯል፣ ከስቷል፣ ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ነው። ለእረፍት ወላጆቹን ሊጠይቅ መጥቶ፣ ከቤቱ በፊት የድሮ ክፍሉን ሊያይ ጎራ ማለቱ ነበር። ልጆቹን አየ፣ ሰሌኑን አየ፤ ከዚያ እሷን አየና ግድግዳውን ተደገፈ።

«አንቺ…» አለ። «መቼ… ለእረፍት ነው የመጣሽው?»

ይርጋነሽ ተነሥታ ልጆቹን ላለመርገጥ እየተጠነቀቀች ወደ እሱ መጣች። በጣም ስለቀረበችው ድምፅዋን ከፍ ማድረግ አላስፈለጋትም።

«አይደለም» አለችው። «እረፍቱ ሲያልቅም እዚሁ ነኝ።»